ግማሽ ኩባያ ለበን

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ዓረብ አገር፣ ሪቃይ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ለሠራተኝነት ስገባ ማዳም እርጉዝ ስለነበረች፣ ከተወለደች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ኩላሊቷ ላይ ችግር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ሲባልም ሆስፒታል አብሬያት እንድቆይ የተላክሁት እኔው ነኝ። ማዳም ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች።

በሕፃናት ክፍሉ የምትከታተለን ነርስ ሕንዳዊት ነበረች። ሁለታችንም ዓረብኛ የለመድነው በሥራ ላይ ስለሆነ በተሰባበረ ቋንቋ ነበር የምንግባባው። ሴት ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። መርፌ ከወጋቻት በኋላ ትንሽ ቆማ የልጅቷን ክንድ ታሽላት ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ መጥታ «ነገ ጠዋት ማኩ አክል» አለችኝ፤ ምግብ የለም ማለቷ ነው። ስለ መጠጥ አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ረመዳንን እየጾምኩ ያደግሁ ሰው መጠጥም አብሮ እንደሚከለከል እንዴት አልገባኝም እያልኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

በጠዋት ትገባለች የተባለችው ልጅ ተራዋ ሳይደርስ ረፈደ። ራበኝ ብላ አለቀሰች። በኋላ ለቅሶውን ትታ ዝም ስትል ነው ይበልጥ አንጀቴን የበላችው። ማዳም ወረቀት ልትፈርም ታች ወርዳለች። ፍሪጁ ውስጥ ለበን ነበር፤ አሬራ የሚመስለው የእነሱ መጠጥ። ግማሽ ኩባያ ቀዳሁላት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ባለጎማውን አልጋ ከሚገፋው ሠራተኛ ጋር መጣች። ጎንበስ ብላ የበላችው ወይም የጠጣችው ነገር እንዳለ ልጅቷን ጠየቀቻት። መጠጡም የተከለከለ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ «ምንም አልጠጣሁም» አለች።

ማዳም ከሰማች በዚያው ቀን ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ፣ እንደምትመልሰኝ ነበር የማስበው። አልጋው በኮሪደሩ ሄደ። ሊፍቱ ሲከፈት ግን ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጬ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«ሲስተር፣ ጠጥታለች። የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

አልተቆጣችኝም። ምን እንደጠጣች፣ መቼና ምን ያህል እንደሆነ ጠይቃኝ አልጋውን አስመለሰች። ከማደንዘዣው በኋላ ሆዷ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባዋ ሊገባ ይችል እንደነበር የነገረችኝ ክፍሉ ከገባን በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ተላለፈ። ሐኪሙ ነርሷን ሰው ፊት ተናገራት። ማዳም ስትመጣ ነርሷ ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ መጣል ትችል ነበር። እሷ ግን «ምግብ ብቻ ነው ያልኳት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች። ማዳም ሁለታችንንም አየችንና ቦርሳዬን ይዤ ቤት እንድገባ አዘዘችኝ። ልጅቷ ስሜን እየጠራች ስታለቅስ ሊፍቱ እስኪዘጋ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አንዱን ምንጣፍ ደጋግሜ ስጠርግ ዋልኩ። ማዳም ስልክ አታነሣም። ወደ ማምሻው ልብስ ልትወስድ መጣችና ወደ እኔ ሳትዞር «ከቀዶ ሕክምናው ወጥታለች፤ ደህና ናት» አለች። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ወደ መክተብም አልመለሰችኝም፤ ለምን እንደተወችኝ ጠይቄያት አላውቅም።

ልጅቷ ከሳምንት በኋላ ቤት ስትመጣ እቅፌ አልገባ አለች። ልብሷን ላወልቅላት ስል እጄን ገፋችው።

«ለአንቺ ብዬ ነው አልጠጣሁም ያልኩት። ለምን ተናገርሽ?»

እንድትድኚ ብዬ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ቀስ በቀስ ፀጉሯን እንድሠራላት ፈቀደችልኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣም መብላት ጀመረች። ዕቃ ስትሰብር ወይም ትምህርት ቤት ተቆጥተዋት ስትመጣ ግን ለእኔ መንገሯን ተወች።

ለክትትል ስንመለስ ነርሷን ላመሰግናት ፈለግኳት። ወደ አዋቂዎች ክፍል ተዛውራለች አሉኝ። በእኛ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም።