አውራ ጣት የያዘው ኮረብታ

የጂኦግራፊ መምህሩን ተማሪዎቹ «ቲቸር ናዳ» ይሉታል። ሰማዩ ከጠቆረ መቆሚያ መቀመጫ ያጣል። ጎረቤቱ ነኝና ምክንያቱን አውቃለሁ፤ እናቱ ከገደሉ ሥር ካለው ቤታቸው «ንቅንቅ አልልም» ብለዋል።

ክረምት ሊገባ ሲል ተማሪዎቹን በሰፊ ሳፋ ውስጥ የሰፈሩን ኮረብታ በአፈር ያሠራቸዋል፤ ቤቶቹ የክብሪት ቀፎዎች ናቸው። ዘንድሮ እኔንም ጋበዘኝ። አንዲት ተማሪ በአትክልት ማጠጫ ዝናብ ስታዘንብ አፈሩ ተንዶ ቀፎዎቹን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከገደሉ ሥር ያለችው ብቻ ቀረች።

«ቲቸር፣ ይቺማ መቼም አትሄድም፤ ከበላይዋ ያለውን አፈር በአውራ ጣትዎ ሲጠቀጥቁት አይቻለሁ» አለች ልጅቷ።

«የአማትዎ ቤት ናት እንዴ?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ ጭቃ የነካ ጣቱን አፍጥጦ አየው። ሳያውቀው ያደረገው ይመስለኛል። ሰው እውነትን ለሌላው ሙሉውን ይሰፍርና ለራሱ ሲሆን እጁ ይሰስታል።

«የእናቴ ናት» አለ በመጨረሻ፤ ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ የክፍሉን ወለል በእርምጃ ሲለካ ቆይቶ ድንገት ዞረ።

«ኮረብታውን እንደገና ሥሩት፤ እኔ እጄን አላስገባም። ሳፋውን ተሸክመን እናቴ ደጅ እንሄዳለን። ውሃውን እሷ ራሷ ታፍስሰው።»