የእማዬ ቅቤ በሰው ቤት

ባለፈው ሳምንት ትሮይቪል፣ በስደት ባደግኩበት የልጅነት ሰፈሬ ሳልፍ የእማዬ ቅቤ ሸተተኝ፤ ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ አብሹ ሳይቀር። እማዬ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ሽታው የሚመጣው ከአንቲ ጉርፕሪት ምግብ ቤት ነበርና ገና ሳልገባ ያ የድሮ ቅናቴ ተነሳብኝ።

አንቲ ጉርፕሪት ፑንጃቢ፣ ህንዳዊት ናት። በአገሯ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚከፈተውን፣ እነሱ ዳባ የሚሉትን ዓይነት ምግብ ቤት ከቤታችን ፊት ለፊት ከፍታ ነበር፤ ደንበኞቿ የእኛን የጠፍር አልጋ በሚመስል፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ፣ በቃን ብለው ሳህኑን በእጃቸው እስኪከድኑ ድረስ ሮቲ የሚሉትን ትኩስ ቂጣ ከላይ ከላይ ትጨምርባቸዋለች። የኮሮናው ሎክዳውን ሲመጣ አልጋዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ምግቡም በመስኮት ብቻ ይሸጥ ጀመር። እሷ ግን የሸክላ ምድጃዋ እሳት ለከንቱ እንዳይነድ ብላ፣ እንደ አገሯ ልማድ፣ ጎረቤት ሊጡን እያመጣ እንዲጋግር ፈቀደች። እማዬም ፖሊስ ዘወር ሲል ጠብቃ ሊጧን ይዛ ተሻገረች፤ ልቧም እዚያው ቀረ።

ቤት ውስጥ ድምጿ የማይሰማው እናቴ ማዶ ሆና፣ ማስኳን ወደ አገጯ አውርዳ ስትስቅ እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እንጃ፤ የሁለቱም እንግሊዝኛ ዋጋ ከመጥራት አያልፍም ነበር። እኔ በስልክ እየተማርኩ ነው ተብዬ፣ በመጋረጃው ጥግ እነሱን ሳይ እውላለሁ። አንድ ቀን እማዬ ጀፕ ካለው የሐበሾች ገበያ የገዛችውን ቅመም ሁሉ ይዛ ሄደችና ቅቤ አነጣጠሯን አሳየቻት። ለእኔ «ኋላ ትደርሺበታለሽ፣ አሁን ተማሪ» ያለችኝን! ዓይኔ ደም ለበሰ። ከማዶ የመጣ ሮቲ በአፌ አይዞርም ብዬ አኮረፍኩ፤ እማዬ ጀርባዋን ስትሰጥ ግን ፍርፋሪውን ሳይቀር ጠረግኩት።

ኮሮናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገረሽ እማዬን ወሰዳት። ያ ኋላ የተባለው ቀን አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንቲ አቅፋ አስገባችኝና ትኩስ ሮቲ በዚያ ቅቤ ለውሳ አቀረበችልኝ። ቀመስኩት። ተቃርቧል እንጂ አልደረሰም። ፊቴን ስታጠና ቆይታ፣ ከዓመታት ወዲህ በተፍታታ እንግሊዝኛዋ፣ «እንደ እሷ አይሆንልኝም። የሆነ ነገር ይጎድለዋል። መጨረሻ ላይ ምን ነበር የምትጨምርበት?» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያንን ቅናት አየሁት፤ በደንብ ነው የማውቀው።

ሳህኑን በእጄ ከደንኩ።

«የቤታችን ሚስጥር ነው አንቲ» አልኳት፤ «አልናገርም።»

ሳቀች፤ አመነችኝ። ሽታው እስከ ድሮው በራችን ድረስ ተከተለኝ፤ ምን እንደሚጎድለው ግን እኔም አላውቅም።