ባለ ሁለት ቁልፉ ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን ቶለሳን ለቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ሲሉ እጄን ይዞ ወደ አልጋው ሳበኝ። «የእኔን ሁለት ቁጥሮች ልንገርሽ፤ አይታወቅም» አለኝ። አፉን በመዳፌ ከደንኩት። በስልካችን ብር የምንከፍልበት የምስጢር ቁጥር አራት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እኔ ብቻ፣ የመጨረሻዎቹን እሱ ብቻ ያውቃል። ልጃችን ሲፈን «እማዬ፣ አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» ብላ ተቆጣችኝ።  ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ከዓመታት በፊት በእግሬ የሄድኩትን የጉቴን መንገድ አስብ ነበር።

ስንጋባ ቶለሳ ጉቴ በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ስለነበር እኔ ወዳለሁበት ወደ ነቀምቴ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። እኔ ከሸዋ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ በእጄ እየሰፋሁ የምሸጥ ነበርኩ። በተጋባን በወሩ አናጺ ዘንድ ሄዶ ባለ ሁለት ቁልፍ የገንዘብ ሳጥን አሠርቶ መጣ። አንዱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ፤ ሌላውን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ሁለታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። አላመነኝም ብዬ አንጀቴ አረረ፤ አዲስ ሙሽራ ነኝና ዋጥኩት።

መስከረም ላይ አገር የሚለቅ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን በርካሽ ሊሸጥልኝ ተስማማ፤ እስከ ማታ ካልከፈልኩ ግን ለሌላ ሊሰጣት ነው። ያቺ መኪና ለእኔ ከመርፌ ኑሮ መውጫዬ ነበረች። ብሩ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱ ቁልፍ ግን ጉቴ። ጎረቤቴ አያንቱ ስበሪው ብላ መዶሻ አቀበለችኝ። አንስቼው ነበር። መልሼ ያስቀመጥኩት ከደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፉን በገዛ እጁ ከአንገቱ ሲያወልቅ ማየት ስለፈለግኩ ነው።

ወደ ጉቴ የሚሄድ መኪና ስላጣሁ በእግሬ ነካሁት። ጭቃው ጫማዬን ያስቀረዋል፤ በቆሎው ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። የምናገረውን እየተለማመድኩ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ሲያየኝ ሰው የሞተ መስሎት ደነገጠ።

«ካላመንከኝ ለምን አገባኸኝ?» አልኩት።

ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ክር ያዝ አደረገ። «ጃለሌ፣ ያላመንኩት ራሴን ነው። አጎት ሲመጣ፣ የአጎት ልጅ ሲመጣ እምቢ ማለት አልችልም። አሁን ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነው እላቸዋለሁ።»

ዘመዶቹ ለምን ፊት እንደሚነሱኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ስስታሟ እኔ ሆኜ ኖሯል። ተናድጄ እንደመጣሁ ሳቄ አመለጠኝ። ቁልፉን አውልቆ ሁለቱንም አንቺ ያዢው ሲለኝ ክሩን መልሼ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት።

«እኔም ጥሩ ጨርቅ አይቼ ማለፍ አልችልም። ያንተው አንተ ጋ ይሁን።»

ትምህርት ቤቱን አስፈቀደና አብረን ተመለስን። መንገድ ላይ የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዝቶልኝ እየፈለፈልን፣ እየተሳሳቅን ሄድን። ስንደርስ መኪናዋ ተሸጣለች። አለቀስኩ። በዓመቱ ሌላ ገዛን፤ የዚያ ቀን መንገድ ግን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ቶለሳ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣ። በማግስቱ የመድኃኒት የሚከፈል ነበር። የእኔን ሁለት ቁጥሮች ነክቼ ስልኩን አቀበልኩት።  ገና ቀና ብሎ መቀመጥ ሳይችል እንኳ እንዳላይበት ስልኩን ወደ ግድግዳው ዞር አድርጎ የራሱን ሁለት ነካ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በልቤ።