ከኋላ የተመታሁ ዕለት

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ነው። እሁድ ጠዋት በሰፈራችን በቦሳ አዲስ ሜዳ ላይ ያገባን ካላገቡት ጋር ኳስ እንጫወት ነበር። እኔ ቦርጭ አውጥቻለሁ፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረኛል! አንድ ቀን ኳሷን ልደርስባት ስፈናጠር ከግራ ተረከዜ በላይ ጧ! አለ። ወደቅኩ። ዞር ስል ከኋላዬ የቆመው አብሮ አደጌ ነው፤ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ።

«ከኋላ ትመታኛለህ?» አልኩት።

«ወላሂ አልነካሁህም!»

እኔ ደግሞ ስናደድ ጆሮ የለኝም። ሰው ሁሉ እየሰማ ዋሾ አልኩት።

ወጌሻ አሽቶ አሰረኝ፤ ጅማት መበጠሱን የጠረጠረ የለም። እቤት በተኛሁበት ያ አብሮ አደጌ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት። «ለሰላም ስትል ጥፋቴ ነው በል» አሉት። አለ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል እኔ እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሼ «ይቅር ለእግዜር» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ እሱ ለቡና ንግድ አጋሮ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ሆነ።

እግሬ ዳነ፤ ዳነ ከተባለ። ሜዳ ሜዳውን እሄዳለሁ፣ ዳገትና ደረጃ ላይ ግን አይገፋኝም። ባቴ መንምኖ ካልሲዬ አልይዝ አለ። በዚያ እግር ጣት ቆሜ ከቁም ሳጥን አናት ዕቃ ማውረድ ቀረ። ባነከስኩ ቁጥር «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እላለሁ፤ ደግሞ ይቅር ባይነቴ ያኮራኛል። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ጉልበቴም ማመም ሲጀምር ሐኪም ቤት ሄድኩ። እንቅስቃሴ የምታሠራው ወጣት ባለሙያ «በግራ እግርዎ ብቻ ይቁሙና ተረከዝዎን ያንሡ» አለችኝ። ንቅንቅ አላለም። ባቴን ዳሰሰችው።

«ጅማቱ ተበጥሶ፣ ረዝሞ ነው የገጠመው። ብናሠራው ይሻሻላል፤ እንደ ድሮው ግን ላይሆን ይችላል። ያኔ ሰው ከኋላ የመታዎት መስሎዎት ነበር?»

«መስሎኝ? መትቶኝ ነው እንጂ!»

ሳቀች። «ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። ማንም ሳይነካው እኮ ይበጠሳል። ሰዉ ግን ዞር ብሎ የመታውን ይፈልጋል።»

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

በነጋታው አጋሮ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ አገኘሁት፤ ሸብቷል። ቁጭ ሳልል የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። «አልነካኸኝም። ዋሾው እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» ብዬ ጎንበስ ስል «ዺሲ፣ ተወው» ብሎ ክንዴን ያዘ።

«መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው ጥፋቴ ነው ያልኩት» አለ። «ስታነክስ ባየሁህ ቁጥር ግን ሳላውቀው መትቼው ይሆናል ማለት ጀመርኩ። በኋላ አመንኩት። ልጆቼ እንግዲህ አደጉ፤ እንዳልጎዳቸው ፈርቼ አንድ ቀን እንኳ አብሬያቸው ኳስ ተጫውቼ አላውቅም።»