ከነአፈራቸው የመጡ ጎረቤቶች

የልደታ ሰፈራችን ሲፈርስ አክስቴ ከየጎረቤቱ ግቢ አንዳንድ ተክል ከነአፈሩ በጣሳ ይዘው ኮንዶሚኒየም ገቡ። ደረጃው ላይ ደርድረው፣ ጠዋት ጠዋት በለሆሳስ በየባለቤታቸው ስም እየጠሩ ያጠጧቸው ነበር።

ሥዕል የሚማሩ ወጣቶች አይተው «እማማ፣ ይሄ እኮ ኤግዚቢሽን ነው» ቢሏቸው፣ «የምን ኤግዚቢሽን? ጎረቤቶቼ ናቸው!» አሉ።

እኔ ጣሳው ልጆቼ ላይ ይወድቃል እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ስሞቹን ሳልይዝ ቀረሁ። እሳቸው ሲያርፉ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

በአርባቸው ቀን፣ የተበተኑት ጎረቤቶች ከየሩቁ መጡ። አንዲት እናት ደረጃው ላይ ጎንበስ ብለው ቅጠል አሸተቱና «ይሄ የኔ ጤና አዳም ነው» አሉ። ሌሎቹም የየራሳቸውን እያሸተቱ አገኙ።

ውሰዱ ብላቸው ማንም አልወሰደም።

«እኛስ ተበታትነናል» አሉኝ፤ «እነሱ እንኳ አብረው ይኑሩ።»