አባባ ሙሜ ስሙን ያልነገሩን ቅጠል

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬ መጋላ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ይኖሩ የነበሩት አባባ ሙሜ ምሽት ምሽት ተረት ያወሩልን ነበር። ከከተማው ውጭ ያለችው የጀልዴሳ ሰው ናቸው። ቀን ቀፊራ ገበያ ተቀምጠው የመድኃኒት ቅጠልና ሥር ይሸጣሉ፣ ሲመሽ ደግሞ በራቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ፋኖሱን ምስማር ላይ ሰቅለው፣ ምድጃው ውስጥ የተረፈውን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሱ ሲቀመጡ እኛ የግቢው ልጆች እንከባቸዋለን። በአፋችን «አንተ» ነበር የምንላቸው፤ ድሬ ላይ ሽማግሌም ይሁን ሹም አንተ ነው። ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ያኔ ልብ ያላልኩት፣ ተረቶቻቸው ሁሉ የመድኃኒት ተረቶች መሆናቸውን ነው። በእያንዳንዱ ተረት አንድ ሰው ይታመማል፣ በመጨረሻም አንድ ቅጠል ይገኝለታል፤ ቅጠሉ ግን ስም የለውም። መድኃኒት በሰው ፊት ስሙ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል ብለው ከአባታቸው ተምረዋል። ምስጢሩ የሚነገረው ለሞት ሲቃረቡ ነው፣ ያውም ለአንድ ልጅ ብቻ፤ አባባ ሙሜ ደግሞ ልጅ አልወለዱም። እኔ በጣም የምወደው፣ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ስለሆነባት ስለ ግመል ነጂው ልጅ የሚያወሩትን ነበር። ወፍ ቅጠል ይዛላት ትመጣለች፣ እናቷ በወተት ታጠጣታለች፣ ትድናለች። «ወፊቱ ያችን ይዛ መጣች» ይላሉ። «ማንን?» ስላቸው፣ «ያችን ነዋ። አቦ ተይኝ ጽጌ፣ አትጨቅጭቂኝ» ብለው ይስቃሉ።

አንድ በጋ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ተመራማሪ መጣ። የአገሩን መድኃኒት ቅጠሎች እየሰበሰበ፣ በጋዜጣ መካከል እያስተኛ፣ በሁለት የእንጨት ርብራብ ጠፍሮ ያደርቃቸዋል። ውስጣቸው ምን እንዳለ፣ የትኛው እንደሚፈውስ የትኛው እንደሚመርዝ በላቦራቶሪ እንደሚመረመር ነገረን። አባባ ሙሜ ወደዱት። ጀልዴሳ ድረስ ወስደው ቅጠሎቻቸውን አንድ ሳያስቀሩ፣ የበቀሉበት ቦታ ድረስ አሳዩት፤ እሱም ከእያንዳንዱ ቆርጦ ጋዜጣው ውስጥ አስተኛ። የትኛው ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ግን አልነገሩትም። «ልቤ ሲፈቅድ እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል» አሉት፣ እሱም ትሑት ልጅ ነበርና እሺ አለ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት አባባ ሙሜን ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው። ምላሳቸውም ተያዘ። አንድ ቃል ብቻ ቀረላቸው፣ እሱም «አዎ» ነው። ውሃ ሲጠማቸውም አዎ፣ ሲያማቸውም አዎ፣ እምቢ ለማለትም አዎ። ተመራማሪው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ሲይዝ አየሁት።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሜ ግርማ ታመመ። ምግብ እምቢ አለ፣ ከዚያ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ወፍ በሽታ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገንም። ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ ሐኪሙም ጉበቱ ክፉኛ መጎዳቱን፣ ከዕረፍት በቀር የሚሰጠው መድኃኒት እንደሌለ ነግሮ መለሰው።

እናቴ ተመራማሪውን ለምና ቅጠሎቹን አስመጣችው። የአባባ ሙሜን ራስ በትራስ ደግፈን፣ ጋዜጣዎቹን አንድ በአንድ ፊታቸው ዘረጋንላቸው። የግርማ መድኃኒት ከእነዚያ አንዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«አባባ ሙሜ፣ የወፍ መድኃኒት ይሄ ነው?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

ደስ አላት። ተመራማሪው ግን ሌላውን ገለጠ። «ይሄስ?»

«አዎ።»

ሦስተኛውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም አዎ አሉ። ደኅናው እጃቸው አንዱን ጋዜጣ ይነካና ወደሌላው ያልፋል፤ ለይተው መጠቆምም እንደ መናገር አቅቷቸዋል። ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ጋዜጣዎቹን በክንዳቸው ገፍተው አለቀሱ፤ እያለቀሱም ይሉ የነበረው ያንኑ ቃል ነበር።

እናቴ ወደ ተመራማሪው ዞረች። «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ስጠኝ። ቀቅዬ አጠጣዋለሁ።»

«አልችልም እትዬ። ከነዚህ ውስጥ የሚገድል አለ። የትኛው እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

«መቼ ታውቀዋለህ?»

«ዓመታት ይፈጃል» አለና ርብራቡን መልሶ ጠፈረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠፍሩን መቋጠር አቅቶት አባቴ አገዘው።

እኔ የነበረኝ ተረቱ ብቻ ነው። ግርማ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ የግመል ነጂውን ልጅ ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። «ታዲያ ወፊቱ ያመጣችው የቱን ቅጠል ነው?» አለኝ። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

እናቴ ግን በየምሽቱ አባባ ሙሜ ቤት መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ተከተልኳት። እጃቸውን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ ሙሜ፣ ልጄ ይድናል?» አለቻቸው።

«አዎ።»

ስትወጣ ልብሷን ይዤ፣ «እማዬ፣ ሌላ ቃል እንደሌላቸው ታውቂያለሽ እኮ። ለምን ትጠይቂያቸዋለሽ?» አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አውቃለሁ» አለች፤ «አዎ የሚለኝ ሌላ ሰው የለማ።»

ግርማ በዚያው ክረምት ሞተ። ቅጠሉን ብናገኘው ይድን ነበር ወይ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ! ምናልባት ምንም አይጠቅም ነበር፤ ተመራማሪውም ሊያውቅ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ተረቱን አንዲት ቃል ሳላጎድል እችለዋለሁ። ለልጆቼ ግን አውርቼላቸው አላውቅም፤ የቱ ቅጠል ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና።