የሚያስምለውን ማን ያስምለዋል

መምህር ይርጋን መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ የሚጠራው ግን በቅጽል ስሙ ነው። «መምህር ክፍተት» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሒሳብ የሚያስተምራቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ለፈተና የማይመጣ ነገር ነገራቸው። ለመቁጠርና ለማስላት የሚበቃ ማንኛውም የሕግ ስብስብ፣ እርስ በርሱ እስካልተጣረሰ ድረስ፣ እውነት ሆኖ ሳለ በዚያው ሕግ ሊረጋገጥ የማይችል ነገር አያጣም አላቸው። አለመጣረሱንም በራሱ ሕግ ማረጋገጥ አይችልም። ልጆቹ ቤታቸው ገብተው «ሒሳብ ክፍተት አለው» ብለው አወሩ፤ ወላጅ ተሰብስቦ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ከሰሰው።

እኔም ስቄበታለሁ። አስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ማመልከቻም እጽፋለሁ። ይርጋ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ አንድ ሹራብ ክረምት ከበጋ ይለብሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ለሁለተኛ ዲግሪው ወልድያ ይመላለሳል። ፈተና ሊያባዛ ሲመጣ ማሽኑ እስኪሞቅ ያስረዳኝ ነበር።

«ሚዛንህ ልክ መሆኑን በዚያው ሚዛን መዝነህ አታውቅም» አለኝ አንዴ። «ሌላ ሚዛን ያስፈልግሃል።»

«ለዚያኛውስ?»

«ለዚያም ሌላ።»

«እና መቼ ያልቃል?»

«አያልቅም። አያልቅም ማለት ግን አትመዝን ማለት አይደለም» አለና ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ይህን ያስታወስኩት ወይዘሮ አስካለ ላይ የደረሰው ነገር ከደረሰ በኋላ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ እኔም ትንሽ መሬት ባለችኝ መንደር፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ማሳቸው የመስኖው ቦይ መግቢያ ላይ ነው። አሥራ ሰባት የማንጎ ዛፍ ነበራቸው፣ ለቁም ነገር የደረሰ። አንድ እሁድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ እያለ አሥራ ሰባቱም ተቆረጡ። ፍሬው እንኳ አልተለቀመም፤ ጭቃ ላይ ተረግጦ፣ ዝንብ ወርሮት አየሁት። ሽታው እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም።

በሚካኤል ዕለት አውጫጭኝ ተጠራ። ደንቡ የታወቀ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ እየተነሣ ያየሁትንና የሰማሁትን አልደብቅም ብሎ ይምላል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም። የሚያስምሉት አቶ ወርቁ ነበሩ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው። ጸሐፊ ደግሞ ከሩቅ ይሁን ተብሎ ይርጋ ተለመነ። የሚያስምልና የሚጽፍ አይምሉም፤ እንዲህ ነው የኖረው።

ወይዘሮ አስካለ ገና ሲጀመር ተናገሩ። «ስሙ ዛሬ ካልወጣ መሬቴን ትቼ ልጄ ዘንድ ወልድያ እገባለሁ። ከማላውቀው ጠላት ጋር አላድርም።» ማሳው ከተለቀቀ የቦዩ ተራ ለማን እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎ ያለው ማሳ የአቶ ወርቁ ነው።

አንድ በአንድ ማልን። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» የአቶ ወርቁ ክንድ ከእጅ አንጓቸው ጀምሮ ቆሳስሎ ነበር። የማንጎ ሙጫ ቆዳ እንደሚያቃጥል እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። እኛ ግን ያንን ቁስል እያየን፣ ፊታቸው ቆመን «አላየሁም» አልን። እኔም ብያለሁ። አፌ ውስጥ የበሰበሰ ነገር የያዝኩ መሰለኝ፤ መትፋት አማረኝ፣ ግን ዋጥኩት።

ሁሉም ምሎ ሲያበቃ ይርጋ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ጋሽ ወርቁ፣ አንቱንስ ማን ያስምልዎታል?»

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ፈገግ ነው ያሉት። «ልጄ፣ የሚያስምል አይምልም። እኔን ሌላ ሰው ያስምለኝ ብንል፣ እሱንስ ማን ያስምለዋል? አንተው አይደለህ ለልጆቹ ሒሳብ እንኳ ክፍተት አለው ያልከው? እውነት ሁሉ አይረጋገጥም። እግዜር ያውቃል ብለን እንነሣ።»

የሰዉን ፊት ባያችሁት! ተነፈሰ። እፎይ አለ። «እውነታቸውን ነው» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ስንስቅበት የኖርነው ትምህርት ድንገት ትልቅ ዕውቀት ሆነ፣ ለመደበቂያ ስለጠቀመን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም።

ይርጋ ቆመ። «እኔ እውነት የለም አላልኩም። ሕጉ ያልደረሰበት እውነት አለ ነው ያልኩት። ከሕጉ ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ያየዋል። እኔ አልማልኩም፣ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ግን እምላለሁ።» እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ አስቀምጦ እኛ በቆምንበት ቦታ ቆመና ማለ። «ያን እሁድ ትምህርት ስላልነበረን ጠዋት ከወልድያ ስመለስ፣ ከሚኒባሱ ወርጄ በወንዙ በኩል ሳቋርጥ ጋሽ ወርቁን መጋዝ ሲያጥቡ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል።»

አቶ ወርቁ መዝገቡን በዓይናቸው አመለከቱ። «ጸሐፊው ከቦታው ተነሥቷል፤ የማለ ሰው ደግሞ የራሱን ቃል ራሱ አይጽፍም። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ቃል እኛ ዘንድ ቃል አይደለም። ማን ይጻፈው?»

ይርጋ ዞሮ ሰዉን አየ፤ ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ና፣ አንተ ጻፈው» አለኝ። «አንድ መስመር ነው።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል በጽሕፈት የምኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። የኔም ማሳ ከዚያው ቦይ ነው የሚጠጣው። ጫማዬን አየሁ። አየሁት፣ አየሁት፣ ሰው መነሣት እስኪጀምር ድረስ። ወይዘሮ አስካለ ከማንም ቀድመው ነጠላቸውን አራግፈው ሄዱ፤ ማክሰኞ ዕቃቸውን ጭነው ወልድያ ገቡ።

ይርጋ አሁንም ፈተና ሊያባዛ ይመጣል። አይወቅሰኝም፤ ስለ ሚዛንም አያወራኝም። ባለፈው ወረቀቱን ሲቆጥር አንድ ስም መጻፍ ረስቶ ኖሮ እስክሪብቶ አውሰኝ አለኝ። ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። በሚካኤል ዕለትም እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበረች።